የኦዜል ሜብሪ እጅና የሉትሪሺያ ጣሪያ

በሰባተኛው መንገድ ኦዜል ሜብሪ ያልመታው ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ይህን የምለው በወሬ ሰምቼ አይደለም፤ በአንዲት የሽቦ አጥር ተለያይተን አርጅተናል። እኔንም አንድ ቀን በቡጢ ሊለኝ ሰንዝሮ ነበር። በእጄ የነበረውን የዓሣ መጥበሻ ከነትኩስ ዘይቱ ሳነሳበት ነው ወደኋላ ያለው። ከዚያ ወዲህ "ሚስ ቨርዲ" ብሎ በአክብሮት ይጠራኝ ጀመር፣ አርብ አርብ ዓሣ ሲገዛኝም መልስ አይቀበልም።

አባቱ አገዳ ቆራጭ ነበር። እዚህ ሐይቁ ዳር፣ ሎክስበርግ፣ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ አገዳ ቆራጭ ነበር። አባትየው ሲሰክር ልጁን በመቁረጫው ቢላዋ ጠፍጣፋ ጎን ይገርፈው ነበር፤ አንድ ቀን ቢላዋው በእጁ ዞረና በስለቱ አገኘው። ኦዜል ከጆሮው ስር እስከ ትከሻው የወረደው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው አባቱን በማገዶ ፍልጥ መትቶ ጣለው። ደረቱ ላይ ቆሞ፣ "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚመታው እኔ ነኝ" አለው። አባቱ ያኔውኑ ጨርቁን ሰብስቦ ከከተማው ጠፋ። ሰው ደግሞ አጨበጨበለት! "ወንድ ልጅ!" አሉት። እኔም ያኔ ልጅ ነበርኩና አብሬ አጨብጭቤያለሁ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰው? በአትክልት ማሸጊያው ቤት የአለቃውን ጣት በጥርሱ ይዞ እስኪሰበር አልለቀውም። በቤዝቦል ሜዳ አንዱን ዳኛ ፍርድ አዛባህ ብሎ በዱላው መታው። ለዚህም ለዚያም ታስሮ ተፈታ። በመጨረሻ የሚሆነውን ሥራ አገኘ፤ አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ የወደቁ ዛፎችን መቁረጥ። ትልቁን የሞተር መጋዝ በአንድ እጁ ሲያነሳው ውሃ ያለበት ብርጭቆ የሚያነሳ ይመስላችኋል። እጁ ጉድ ነበር። ከዛፍ ጋር ሲጣላ ብቻ ነው ያ እጅ ለሰው የጠቀመው።

ሉትሪሺያን ያገባት በዚህ ጊዜ ነው። ሉትሪሺያ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ የከተማው ልጅ ሁሉ በእጇ በልቶ አድጓል። አባቷ ዲያቆን ሳይላስ የሚባል አናጢ ነበር። ቤቱን በገዛ እጁ ነው የሠራው፤ ድሮ ከፈረሰ መጋዘን እንጨቱን እየነቀለ፣ ሚስማሩን እየቀና። ሲሞት ያወረሳት ሌላ ነገር የለም። "ቤቱን አደራ" አላት፤ እሷም አደራውን እንደ ታቦት ያዘችው። ኦዜል አንድ ሻንጣና አንድ መጋዝ ይዞ ገባባት።

ገና ዓመት ሳይሞላቸው መታት። አጥሩ ይህን ያህል ነው፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ በረንዳው ላይ ይጀምራል፤ ከደረጃው በታች ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ያልቃል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ፖሊስ የጠራሁበት ቀን ብዙ ነው። ፖሊስ ይመጣል፣ እሷ "ወድቄ ነው" ትላለች፣ ይሄዳሉ፣ ከሄዱ በኋላ ይብስባታል። ፓስተራችን "ጸልዩለት" አለ። እኔ መጥበሻዬን በአጥሩ ላይ አሳልፌ ሰጠኋት፤ "እረፊ ሚስ ቨርዲ" ብላ መለሰችልኝ። ተናደድኩባት። በእሷ እኮ ነው የተናደድኩት፣ ሞኝ አልነበርኩ?

ታዲያ ያ ትልቁ አውሎ ነፋስ መጣና የዲያቆን ሳይላስን ጣሪያ ግማሹን ገሽልጦ ወሰደው። መንግሥት ሰማያዊ ሸራ አደለ፣ ሁሉም ሰው ሸራ ወጠረ። የሌላው ሰው ሸራ ቀስ በቀስ ሲነሳ የእነሱ ዓመት ከረመ፤ ገንዘብ የለማ። በዚህ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አስከባሪ ላከ። ደንብ አስከባሪው ዌንደል ሂግስ ይባላል፤ እዚሁ ያደገ፣ ከእኛ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ልጅ ነው። የማስጠንቀቂያ ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈ። የተሰጣቸው ቀን አለፈና ቅጣቱ ጀመረ፤ ጣሪያው እስኪጠገን በየቀኑ መቶ ሃምሳ ዶላር። ዕዳው በቤቱ ላይ ተመዘገበ።

ይህኔ ኦዜል ተነሳ። አንድ ጊዜ እንኳ ደግ ሲሠራ ልመስክርለት፤ ሉትሪሺያ የግንባታ ፈቃዱን አወጣችለት፣ እሱ ቆርቆሮ በዱቤ ገዝቶ እንደ እብድ ሲሠራ ሰንብቶ ጨረሰው። የሚያምር ጣሪያ! ፀሐይ ሲያርፍበት የእኔን ወጥ ቤት ያበራው ነበር።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የእኛ ከተማ ሰው ሁሉ የሚያጠፋው ጥፋት። ሠርተን ከጨረስን ያለቀ ይመስለናል። ቅጣቱ ግን የሚቆመው ጣሪያው ሲጠገን አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤት ደውላችሁ "ኑና እዩልን" ስትሉ፣ መጥተው አይተው ሲፈርሙ ነው። እስኪፈርሙ በእነሱ መዝገብ ጣሪያው አሁንም ክፍት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ኦዜልም አልደወለም፣ ሉትሪሺያም አላወቀችም።

ዌንደል ግን በራሱ መጣ። እሁድ በቤተ ክርስቲያን ሉትሪሺያ "ጣሪያችን አለቀ እኮ" ስትል ሰምቶ ኖሯል። ሰኞ ጠዋት ኦዜል ከውሻው ጋር በረንዳው ደረጃ ስር መጋዙን ሲስል ዌንደል የአጥሩን በር ከፍቶ እሱ ድረስ ገባ።

"ማን ግባ አለህ?" አለው ኦዜል።

"ለናንተው ነው የመጣሁት፣ ሚስተር ሜብሪ። አንድ ጊዜ ልየውና..."

"ውጣ።"

"ደቂቃ አይፈጅም።"

"ውጣ አልኩህ፣ አንተ የወረቀት ሌባ!"

ዌንደል ደግሞ አንድ እርምጃ ወደፊት። ልጄ፣ ምን አስረገጠህ! ኦዜል ሞረዱን እንደያዘ በቡጢ መንጋጋውን አለው። ድምፁ እስከ እኔ ማድቤት ተሰማ። ዌንደል በጀርባው ተዘረረ። ኦዜል ላዩ ላይ ወጥቶ ደበደበው፤ እኔ በአጥሩ ላይ ቁና ቁና እየተነፈስኩ፣ "ገደልከው! ገደልከው!" እያልኩ የፈላ ውሃ በማሰሮው እረጨው ጀመር። ውሃው አልደረሰም። ውሻውም የዌንደልን ሱሪ ይዞ ይጎትታል። ሉትሪሺያ ከነሥራ ልብሷ ሮጣ ወጥታ ባሏ ጀርባ ላይ ወደቀችበት፤ በክርኑ አፍንጫዋን ሰበረው። ሦስቱም በደም ታጠቡ።

ዌንደል መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ብዙ ጊዜ በቀጭን ቱቦ ሾርባ ሲመጠምጥ ከረመ። እስከ ዛሬ በአንድ ጎን ነው የሚያላምጠው። ኦዜል የመንግሥት ሠራተኛ በመምታት ታሰረ። ማዘጋጃ ቤቱ ያን በር "አደገኛ ነው" ብሎ ሌላ ደንብ አስከባሪ አልላከም። የቅጣቱ ደብዳቤዎችም ገና በሟቹ በዲያቆን ሳይላስ ስም፣ በድሮ የፖስታ ሳጥናቸው ይላኩ ስለነበር ለሉትሪሺያ አልደረሷትም። ኦዜል ተፈታ፤ ኑሮም ቀጠለ። ቅጣቱ ደግሞ በየቀኑ፣ በየቀኑ፣ ከዚያ በሚያበራ ጣሪያ ላይ ሲቆጥር ሦስት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን የፍርድ ቤት ወረቀት አዳይ መጣ። ከመቶ ስልሳ ሺህ ዶላር በላይ። ቤቱ ግማሹን እንኳ አያወጣም። ካልተከፈለ ከተማው ቤቱን በሐራጅ ሊሸጠው ነው፤ "የምኖርበት ቤት ለዕዳ አይሸጥብኝም" የሚለው መከላከያም የቤቱ ስም ከሟቹ ስላልዞረ አልያዘላትም። ኦዜል ወረቀቱን ቀደደና ወረቀት አዳዩን እስከ መንገዱ መጨረሻ አባረረው። ተመልሶ ሉትሪሺያን "አንቺ ነሽ በቤተ ክርስቲያን ያወራሽው!" እያለ ከደረጃው ወረወራት። እሷ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን ታያለች፤ እኔ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ እሰድበዋለሁ። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ! አንተ ግን ከጅቡ ጋር ሆነህ ትበላታለህ!" አልኩት። ወደ እኔ ዞሮ ምራቁን ተፋ። ውሻው ብቻ ይጮሃል።

ሉትሪሺያ ግን በዚያ ሳምንት ተነሳች። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ጠየቀች። ቅጣት ይቀነስልኝ ብሎ ለማመልከት የሚቻልበት ችሎት አለ አሏት፤ ልዩ ዳኛ በየወሩ ይመጣል፤ መጀመሪያ ግን ጣሪያው ተስተካክሏል የሚል የተፈረመ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚፈርም ሰው ደግሞ ያን በር አልፎ አይገባም። እንግዲህ በአንድ አፍ ግቢም ውጪም አሏት። ያም ሆኖ አመለከተች።

የችሎቱ ቀን በእኔ መኪና ሄድን። ኦዜል "እኔም እመጣለሁ" ብሎ ከኋላ ገባ። "እዚያ አፍህን ብትከፍት በመኪናዬ ነው የምሄድብህ" አልኩት። 

ልዩ ዳኛዋ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ከእኛ በፊት ሣሩን ያላጨደ አንድ ሽማግሌ ቀረበ፤ አጭዷል፣ ታይቷል፣ ተቀነሰለት። የእኛ ተራ ሲደርስ የከተማው ጠበቃ ተነስቶ፣ "ጣሪያው በማንም ታይቶ አያውቅም፤ ሠራተኛችን ሲሞክር ተደብድቧል፤ ሙሉው ዕዳ ይጽና" አለና ዌንደልን ምስክር አቆመው። ዌንደልም "አልመረመርኩትም" አለ። አፉ ወደ አንድ ጎን እንደተጣመመ ነው። ኦዜል አጠገቤ ተቀምጧል።

"ጥያቄ አለዎት?" አለቻት ዳኛዋ ሉትሪሺያን።

ሉትሪሺያ ተነሳች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። "ዌንደል፣ ያን ቀን ሲመታህ እንዴት ወደቅህ?"

"በጀርባዬ፣ ሚስ ሉትሪሺያ።"

"የት ላይ?"

"ከደረጃው በታች። ሲሚንቶው ላይ።"

ጠበቃው ተነሳ። "ይሄ ከጣሪያው ጋር ምን አገናኘው?"

"ትቀጥል" አለች ዳኛዋ።

"እግርህ ወደ ቤቱ ነበር፣ አይደል? ዓይንህ ክፍት ነበር?"

"ለትንሽ ጊዜ።"

ሉትሪሺያ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እኔን እዚያች ቦታ ላይ ስንት ጊዜ እንደጣለኝ ቆጥሬ አላውቅም። በረንዳው ዝቅ ያለ ነው። በጀርባው የወደቀ ሰው ከዚያ የሚያየው ጣሪያውን ነው፤ ሙሉውን፣ እስከ ጫፉ። ሸራ የነበረ ጊዜ ወድቄ ሸራውን አይቻለሁ። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላም ወድቄ ቆርቆሮውን አይቻለሁ። አንተ ምን አየህ?"

ወይኔ!  የሽማግሌውን የሣር ጉዳይ ለመስማት የመጣው ሁሉ አንገቱን ወደ እኛ አዞረ። እኔ እንባዬ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት "ወድቄ ነው" ስትል የኖረች ሴት ማን እንደጣላት በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች፤ ያውም ለጣሪያ ብላ። ኦዜል ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

ዌንደል መንጋጋውን በእጁ ነካ። "ቆርቆሮ" አለ። "አዲስ ቆርቆሮ። ፀሐዩ ሲመታው ዓይኔን ወጋኝ።"

"ሸራስ?"

"ሸራ አልነበረም። አልቆ ነበር።"

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። "ታዲያ ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልጻፉም?"

"መጀመሪያ መንጋጋዬ ታስሮ ነበር፣ ክብርት ዳኛ። ሲፈታልኝ ደግሞ..." ቆም አለ። "ልጽፍለት አልፈለግኩም።"

እሁድ እሁድ ከፊት ወንበር ተቀምጦ እጁን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ አየው ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! ግን ደግሞ ማን ይፈርድበታል፤ እሱን ነው ሥጋ ማኘክ ያቃተው።

ዳኛዋ ወሰነች። ቅጣቱ ዌንደል በወደቀበት ቀን ቆሟል አለች። ከዚያ በፊት የነበረውንም ቀንሳ አራት ሺህ ዶላር አደረገችው፣ በየወሩ ተከፋፍሎ የሚከፈል። ነገር ግን በዚህ ሳምንት አንድ ደንብ አስከባሪ ገብቶ አይቶ መፈረም አለበት። "በዚያ ግቢ ማንም ሰው እጁን ቢያነሳበት" አለች ኦዜልን እያየች፣ "ውሳኔዬ ይሻራል፣ ዕዳው እንዳለ ይመለሳል።" ማን ይሄዳል ሲባል ዌንደል "እኔ እሄዳለሁ" አለ።

የዚያን ቀን ከመኪናዬ ሲወርዱ "ዛሬ ይገድላታል" ብዬ ፈራሁ። በአጥሩ ስር ወንበር አወጣሁና መጥበሻዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ምንም ድምፅ የለም። ሳምንቱን ሙሉ ድምፅ አልነበረም። ኦዜል ውሻውን አሰረ፣ የአጥሩን በር ዘይት ቀባ፣ ከደረጃው በታች ያለውን ሲሚንቶ ሳይቀር አጠበው።

ዌንደል መጣ። ሉትሪሺያ በረንዳው ላይ ቆማለች። ኦዜል ግቢው መሀል እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ዌንደል መሰላል አቁሞ ወጣ፣ ቆርቆሮውን በእጁ እየመታ፣ ሚስማሩን እያየ ዞረ፣ ወረደ። ወረቀቱን ግን አልፈረመም። ወረቀቱ የተያዘበትን ሰሌዳ ሣሩ ላይ አስቀመጠና ኦዜል ፊት መጥቶ ቆመ።

"ታስታውሰኛለህ?" አለው።

"አስታውስሃለሁ።"

ዌንደል በቡጢ አፉን አለው። የኦዜል ራስ ወደኋላ ሄዶ ተመለሰ። እኔ አጥሩን ይዤ "አንተ ልጅ! ኧረ እግዜርን ፍራ!" ብዬ ጮህኩ።

"በለኝ!" አለው ዌንደል። ያለቅሳል፣ ይጮሃል። "በለኝ እንጂ! ያኔ እንዴት ነበር የመታኸኝ? በለኝ!"

ደገመው። ዓይኑን አለው። ኦዜል ወደ ጎን ተንገዳገደ። እጆቹ ከኋላው ወጡ፤ ሁለቱም ጨብጠዋል፤ አንገቱ ላይ ያለው ጠባሳ ቀላ። እንደዚያ ሲሆን አውቀዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አጥንት ነው የሚያውቀው። ቤቱ አለቀለት አልኩ። ኦዜል ግን የጨበጣቸውን እጆች ቀበቶው ውስጥ ሰገሰጋቸውና ራሱን አስተካክሎ ቆመ። ዌንደል ለሦስተኛ ጊዜ መታው። አንድ ጥርስ ሣሩ ላይ ወደቀ። ኦዜል ደሙን ዋጠና እንደ ግንድ ቆመ።

ዌንደል እጁን ይዞ ትንፋሹ እስኪመለስ አጎነበሰ። ከዚያ ሰሌዳውን አንስቶ ፈረመ፣ ወረቀቱን ለሉትሪሺያ ሰጣት፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አላትና ሄደ።

እኔ በበሩ ዞሬ ወደ ግቢያቸው ሮጥኩ። ቤቱ ተረፈ! እልል ልል ነበር። ኦዜል አፉ በደም ተሞልቶ ፈገግ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። እንዲህ ሲኮራ አይቼው አላውቅም፤ ሽልማት የሚጠብቅ ልጅ ይመስላል።

"አየሽ?" አላት። "አልመታሁትም። ለቤትሽ ብዬ ነው፣ ውዴ።"

ሉትሪሺያ ወረቀቱን ይዛ አየችው።

"ለካ ትችል ነበር" አለችው።

"እ?"

"እጄ አይታዘዘኝም ትለኝ ነበር። ደሜ ነው፣ አባቴ ነው፣ ሲነሳብኝ አላውቀውም ትለኝ ነበር። እኔም አምኜህ፣ ጌታ ሆይ የባሌን እጅ ያዝልኝ እያልኩ ስጸልይ ኖርኩ። ሰውዬው ጥርስህን ሲያወልቅ ግን ያዝከው። እያየሁህ ያዝከው። ለቆርቆሮ የያዝከውን እጅ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ መያዝ አቃተህ?"

ኦዜል አፉን ከፈተ።  ፈገግታው እንዳለ ቀርቶ ደሙ ብቻ በአገጩ ወረደ።

"መጋዝህን ውሰድ" አለችው። "ውሻውንም።"

አልተናደደም፣ አልተሳደበም። መጋዙን ጭኖ፣ ውሻውን ፈትቶ፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አሁን ቦዩ ዳር በአንድ ተጎታች ቤት ይኖራል፣ ዛፍ ይቆርጣል፣ ከዚያ ወዲህ ሰው መታ ሲባል አልሰማሁም። ይህ ራሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ሉትሪሺያ የዚያን ቀን የአጥሩን በር ቆለፈችና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀምጬ እኔም አለቀስኩ። አራት ሺሁን ከደመወዟ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈለች ነው።